ያልደረሰው የአህያ ምሳ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ምሳቸውን ቋጥረው ወደ ሥራ በሚወጡበት ዘመን፣ ውርጭ አምባ በሚባል ብርዳም ተራራ ላይ አንዲት ያረጀች አህያ ትኖር ነበር። በአፏ ውስጥ የቀሩት ጥርሶች አራት ናቸው፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። አራቱም ቢሆኑ እንደተኮራረፈ ጎረቤት ፊት ለፊት አይገናኙም። የተራራውን ደረቅ ሣር አንድ ጉርሻ ለማድቀቅ ከጠዋት እስከ ቀትር ይፈጅባት ስለነበር፣ ቁርሷን ሳትጨርስ እራት ይደርስባታል።

በዚያ ዓመት አንበሳ አዋጅ አስነገረ። ከተራራው ሥር ያለውን የወንዝ ዳር መስክ ጎርፍ እየቆረሰ ይወስደው ነበርና በድንጋይ ካብ እንዲታጠር አዘዘ።

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ ሠርቶ አንድም ጊዜ ከስም ጥሪ ያልቀረ ከመስኩ ድርሻ ይሰጠዋል። አንድ ቀን የቀረ ግን ሣሩን በሩቁ ያያል፤ ድርሻውም ለሌሎቹ ይከፋፈላል። ደግሞም ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ሠራተኛ ሠራተኛን አይብላ!»

ጅብ ይህን ሲሰማ «አዋጁ መጨረሻው ላይ ትንሽ ረዘመ» አለ።

የወንዝ ዳሩ ሣር ለምለም ነው። ጥርስ አይጠይቅም፤ በድድ ይበላል። አህያዋ ያን ሣር ካገኘች የሚመጣውን በጋ ትሻገራለች፤ ካጣችው አትሻገርም። ሒሳቡ ይህን ያህል አጭር ነበር።

ስም ጠሪው ኤሊ ነው። የምሳ ሰዓትም የሚለካው በእሱ ነበር። ስድስት ሰዓት ሲሆን ከዋርካው ሥር ይነሣና ዋርካውን አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ዙሩ ሁለት መቶ አርባ እርምጃ ነው። ዞሮ ሲጨርስ ምሳ አለቀ፣ ስም ይጠራል። ስሙ ተጠርቶ «አለሁ» ያላለ የለም ማለት ነው። ከፊቱ ቆሞ ዝም ያለም ቢሆን የለም።

አህያዋ ይህን ሁሉ ሰምታ አሰላች። በሁለት መቶ አርባ የኤሊ እርምጃ ውስጥ ሣር ፈልጋ፣ በአራት ጥርስ አኝካ፣ ተመልሳ «አለሁ» ማለት አይቻልም። ስለዚህ ምሳዋ ቀድሞ መብሰል፣ ቀድሞም መቋጠር አለበት።

ሥራው ሊጀመር አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሑድ ጠዋት፣ ትልቁን ድስት ጣደች። ከምስሩ ጀመረች፣ ሽሮውን አስከተለች፣ ጎመኑን ቀቀለች፣ ዱባውን ሠራች፣ በመጨረሻም ቅንጬውን አበሰለች። ከእሳት ካወረደችው በኋላ ተቀምጣ ጠበቀች፤ ትኩስ ነገር ተጠቅልሎ ከተቀመጠ እንደሚበላሽ ታውቃለችና። ሲበርድ በኮባ ቅጠል እየጠቀለለች በልጥ አሰረችው። ወጥ በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ስለዚህ በየጥቅሉ ውስጥ የአንድ ጥርስ ስፋት ባዶ ቦታ ተወች። ምስር ሦስት፣ ሽሮ ሦስት፣ ጎመን ሁለት፣ ዱባ ሁለት፣ ቅንጬ ሁለት፤ ድምሩ አሥራ ሁለት። በረዶ ከሆነ በኋላ ሽሮውም ጎመኑም ያው ድንጋይ ነውና፣ ለምስሩ አንድ ቋጠሮ፣ ለሽሮው ሁለት እያለች እስከ አምስት ቋጠሮ ድረስ ምልክት አደረገችበት።

በዚህ መካከል ጅብና ቀበሮ የወጡ ሽታ እየመራቸው ዳገቱን ወጡ።

«እንደምን ዋልሽ እመት አህያ» አለች ቀበሮ፣ ዓይኗን ከድስቱ ሳትነቅል። «ድግስ አለ እንዴ?»

«ድግስ የለም። ምሳዬን እየቋጠርሁ ነው።»

ጅብ ጥቅሎቹን ይቆጥር ጀመር። ሦስት ላይ ሲደርስ ቁጥር አለቀበት። «ይህ ሁሉ ለነገ ነው?»

«አንዱ ለነገ ነው አያ ጅቦ። አንዱ ለማክሰኞ፣ አንዱ ለረቡዕ፣ እንዲህ እያለ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ።»

ቀበሮ ሣሩ ላይ ተንከባለለች። «የወዲያኛውን ሳምንት ቅዳሜ ምሳ ዛሬ! ወይ ጉድ! እንግዲያው የተዝካርሽንም ንፍሮ ቀቅለሽ ጨርሰሽ ይሆናል!»

«እሱን እንኳ ለሚቀረው ትቼዋለሁ» አለች አህያ፣ ልጡን በአራቱ ጥርሶቿ እያጠበቀች።

«ረቡዕ ጾም እንደሆነስ አስበሻል?» አለ ጅብ፣ እንደ ሊቅ ጉሮሮውን ጠርጎ።

«አህያ መቼ ፈስካ ታውቅና ነው?» አለች ቀበሮ።

«ይሁን። ግን ይሻግታል» አለ ጅብ። ይህንም ያለው በተስፋ ነበር።

«በረዶ ውስጥ የገባ አይሻግትም።»

ጅብ አዘነ። ጥቂት ካሰበ በኋላ ግን ደረቱን ነፋ። «እኔም እንዳንቺው ቀድሜ እዘጋጃለሁ። የሁለት ሳምንቱን ምሳ በሙሉ ዛሬ ማታ እበላዋለሁ። ቋጠሮ የለ፣ ሸክም የለ!»

«ማክሰኞ ሆድህ ምሳ ቢጠይቅህስ?»

«እሑድ ሰጥቼሃለሁ እለዋለሁ።»

ሁለቱ ቁልቁል ሲወርዱ አህያዋ ጥቅሎቹን ተሸክማ ወደ ተራራው ጫፍ ወጣች። እዚያ ፀሐይ ገብታበት የማታውቀው፣ ከዓመት ዓመት በረዶ የማይለቀው የድንጋይ ስንጥቅ አለ። አሥራ ሁለቱንም ደረደረቻቸው። እስኪነጋ ድረስ አሥራ ሁለት ድንጋይ ሆኑ። በረዶ የሆነ ወጥ ሽታ የለውም፤ የጅብ አፍንጫ እንኳ ቢያልፍበት አያውቀውም።

ሰኞ አህያዋ ባለ አንድ ቋጠሮውን ጥቅል ጀርባዋ ላይ አስራ ወረደች። ፀሐይ ከላይ፣ የጀርባዋ ሙቀት ከታች ሲያገኙት፣ ምስሩ በስድስት ሰዓት ቀልጦ፣ ለስልሶ፣ ለብ ብሎ ደረሰ።

በዚያ አገር ምሳውን ፈትቶ «እንብላ» ሳይል የጎረሰ እንደ ሌባ ይታያል። የተጠራውም «ብሉ፣ ጠግቤአለሁ» ይላል፤ ቢበዛ አንድ ጉርሻ ተቀብሎ አፉን ይጠርጋል። ጅብ ከዚህ ወግ የተማረው ግማሹን ብቻ ነበር።

«እንብላ አያ ጅቦ» አለች አህያዋ፣ አጠገቧ ስለነበረ።

«እንብላ ካልሽማ!» ብሎ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ጉርሻ ምስሩ አለቀ። በሁለተኛው ቅጠሉ አለቀ። በሦስተኛው ልጡን ዋጠ። «ማሰሪያው ትንሽ ይጠነክራል» አለና ተነሣ።

ማክሰኞ አህያዋ ከካቡ ጀርባ፣ ከጅብ ሠላሳ እርምጃ ርቃ ተቀመጠች። ወግ እንዳይቀርባት በሹክሹክታ «እንብላ» አለች።

«አቤት!» አለ ጅብ። ለድንጋይ ሸክም ሲጠሩት አንድ ጆሮ ብቻ አለው፤ ለ«እንብላ» ግን አራት ጆሮ ያበቅላል። መጥቶ ሽሮውን ላሰ።

ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። አህያዋ ሦስት ቀን በባዶ ሆድ ድንጋይ መሸከም ስላቃታት ለስላሳ ቅጠል ፍለጋ ወደ ቁጥቋጦው ሄደች። ሌላ ጊዜ ኤሊ መንገዱ ላይ ቅጠል ካገኘ ቆሞ ይበላል፣ ምሳ ሰዓቱም ይረዝማል። ያን ቀን ግን ጠግቦ ስለነበር አልቆመም። አህያዋ አንዱን ቅጠል ከአንዱ ድድ ወደ ሌላው ስታሻግር ስሟ ሲጠራ ሰማች። ስድሳ እርምጃ ርቃ ነበር። ቅጠሉን ተፍታ ባላት አቅም ሁሉ አናፋች።

«አ...ለ...ሁ!»

ኤሊ «የለችም» ለማለት የከፈተውን አፍ መለሰው። «ዛሬ የደረሰው ድምፅሽ ነው» አለ። «ነገ ግን አንቺ ራስሽ ድረሺ።»

ቀበሮ ጭቃ እያቦካች ይህን ስታይ ዋለች። «እመት አህያ፣ "እንብላ" ማለቱን ብትተዪውስ? ዝም ብለሽ ጉረሺ።»

«ስሜስ?»

«ስም አይበላ!»

«አይበላም። ግን ብቻዋን በላች ከተባልሁ በኋላ ለምለሙን ሣር ባገኝ እንኳ ከማን ጋር እኖርበታለሁ?»

ሐሙስ ጉም ወረደ። ፀሐይ ስላልነበረ አህያዋ ሥራ ቦታ ስትደርስ ዱባው ገና ድንጋይ ነበር። ሦስት ሰዓት ላይ ጭነቷን ልታስተካክል ጥቅሉን መሬት ስታስቀምጠው ጅብ አየ።

«ምንድን ነው እሱ?»

የአህያዋ አፍ ከልማድ ብዛት ሳታስበው «እንብላ» አለ።

ጅብ ዘሎ ነከሰ። «ቋ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለት ጥርሶች ተፈናጥረው ወጡ፤ አንዱ ድንጋይ ይክብ የነበረውን ጃርት ግንባሩ ላይ መታው፣ ሌላው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

«ድንጋይ ነው!» ብሎ ጮኸ ጅብ።

«ምሳዬ ነው አያ ጅቦ። ኧረ ብላ፣ በሞቴ!»

«አልበላም! ጠግቤአለሁ!»

አህያዋ ጆሮዎቿን አቆመች። ጅብ የወጉን ሁለተኛ ግማሽ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ለአንድ ምሳ አንድ ግብዣ ነው፤ «ጠግቤአለሁ» ያለ ለዚያው ምሳ ተመልሶ አይቀመጥም። ይህን አጠገባቸው ድንጋይ ያነሣ የነበረው ከርከሮም ሰምቷል፣ ጃርትም ግንባሩን እያሸ ሰምቷል።

በአምስት ሰዓት ጉሙ ተገለጠ። በስድስት ሰዓት ዱባው ለስልሶ ሽታው ካቡን ዞረው። ጅብ እየሮጠ መጣ።

«ወዴት ነው አያ ጅቦ?» አለው ከርከሮ። «ጠዋት ጠግቤአለሁ ብለህ የለም እንዴ?»

«እሱማ ድንጋዩን ነው!»

«ምሳው ያው ነው። አሁን ብትቀመጥ ነውር ነው።»

ጅብ ሌሎቹን አየ። ሁሉም እያዩት ነበር። ምራቁን ውጦ ቁጭ አለ። አህያዋም ሳትቸኩል፣ ዱባውን በአራቱ ጥርሶቿ እያንከባለለች ጨረሰችው፤ ኤሊ ዙሩን ሊጨርስ ዐሥር እርምጃ ሲቀረው አፏን ጠረገች።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጥቅሏን በእርጥብ ጭድ ሸፍና ታመጣዋለች። ሦስት ሰዓት ሲሆን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እንብላ!» ትላለች። ጅብ፣ ምናልባት ዛሬስ ብሎ ይነክሳል፤ «ቋ!» ይላል፤ «ጠግቤአለሁ!» ብሎ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ጭዱን ገፍፋ ጥቅሉን ጥቁር ድንጋይ ላይ ፀሐይ ታስመታዋለች። ሐሙስ ሁለት፣ በተከታዮቹ ሰባት የሥራ ቀናት በቀን አንድ አንድ፤ እስከ አሥራ አንደኛው ቀን ድረስ ጅብ ዘጠኝ ጥርስ አጣ። «ዛሬ ትንሽ ለስልሷል» ይል ነበር በየጊዜው፣ ተስፋ ሳይቆርጥ።

ቀበሮ ግን ነገሩ ገብቷታል። አህያዋ ከቀረች ድርሻዋ ለሌሎቹ እንደሚከፋፈል ደግሞ አልረሳችም። በአሥራ አንደኛው ቀን ከሥራ በኋላ ወደ አንበሳ ዋሻ ሄደች።

«ጌታዬ፣ ያቺ አህያ በየጠዋቱ ለሠራተኛው ሁሉ "እንብላ" ትላለች። ለእርስዎ ግን አንድ ቀን እንኳ ብላ አታውቅም።»

«ለከርከሮም ብላለች?» አለ አንበሳ።

«ለከርከሮም።»

አንበሳ በጣም አዘነ። በማግስቱ ቁርሱን ሳይበላ ወጣ።

በመጨረሻው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ አህያዋ ጥቅሏን ፊቷ አስቀምጣ «እንብ...» ስትል ከጥቅሉ ማዶ የአንበሳ መዳፍ አየች። ቀስ ብላ ቀና ስትል አንበሳው ሙሉው እዚያው ነበር።

«ቀጥይ እንጂ» አለ አንበሳ። «ምን ልትዪ ነበር?»

አህያዋ አሰላች። «እንብላ» ካለች ንጉሡ ይነክሳል፤ ከነከሰ ክራንቻው ይሰበራል፤ ክራንቻ የሌለው አንበሳ ትልቅ ድመት ነው፤ ድመት ያደረገችውን አህያ ደግሞ በቀሩት ጥርሶቹ ይበላታል። «እንብላ» ካላለች ንጉሥ ንቃለችና ያው ይበላታል።

«እንብላ ጌታዬ» አለች። «ግን ምሳው ገና አልደረሰም።»

አንበሳ ጥቅሉን አየው። «ይኸው ፊትሽ አይደለም እንዴ?»

«እኔ ደርሻለሁ። እሱ ገና መንገድ ላይ ነው።»

«ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከእሑድ ነው ጌታዬ። ያውም ከባለፈው እሑድ ሳይሆን ከዚያ በፊት ካለው።»

«ወይ ርቀት!» አለ አንበሳ በመገረም። «መቼ ይገባል ታዲያ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ።»

«እንግዲያው ከዚያ ድረስ የመጣ ምሳ ቆሜ ልቀበለው ይገባኛል» አለና ቆመ። ጥቂት ቆይቶ ተቀመጠ። ከዚያም ጥቅሉ ከተቀመጠበት ጥቁር ድንጋይ አጠገብ ተጋድሞ እንቅልፍ ወሰደው።

ሠራተኞቹ ተንሾካሾኩ። ንጉሥ የሚጠብቀው ምሳ ምን ዓይነት ምሳ ነው? ቀበሮ ጊዜ ሳታጠፋ ወደ ጅብ ተጠጋች።

«አያ ጅቦ፣ አንበሳ ድንጋይ ሲጠብቅ አይተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ላይ ላዩ ነው ድንጋይ። ውስጡ ሥጋ ነው! በረዶ ሽታውን አፍኖት እንጂ።»

የጅብ ምራቅ መሬት ነካ። «ጥርሶቼስ? ሁሉንም እኮ ልጨርሳቸው ነው።»

«ማን አኝክ አለህ? ዋጠው!»

ጅብ በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ያለ ጥበብ ሰምቶ አያውቅም። አምስት ሰዓት ላይ፣ አህያዋ ድንጋይ ልታመጣ ዞር ስትል፣ በሆዱ እየተሳበ ሄዶ ጥቅሉን ከነቅጠሉ፣ ከነልጡ፣ ከነቋጠሮው ዋጠው። ጥቅሉ ዳሩ ትንሽ ለስልሶ ስለነበር ጉሮሮውን አለፈ። መካከሉ ግን ገና ድንጋይ ነበርና ደረቱ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጅብም አብሮት ቆመ። አፉ እንደተከፈተ ቀረ፣ ምላሱ እንደ ማረሻ ደረቀ፣ ከጉሮሮው ነጭ ጉም ይወጣ ጀመር።

«ጣመህ?» አለች ቀበሮ።

ጅብ ጉም ብቻ መለሰ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ኤሊ ዙሩን ጀመረ። አህያዋ ስትመለስ ድንጋዩ ላይ ምሳ የለም፤ ከድንጋዩ አጠገብ ግን የተጋበዘው እንግዳ ያንኮራፋል። ጅብ አፉን ከፍቶ ጉም ሲተፋ አየችና ምሳዋ የት እንደገባ አወቀች።

«ሽሺ!» አለቻት ቀበሮ በጆሮዋ። «ሳይነቃ ሽሺ እመት አህያ! ስለምወድሽ ነው።»

አህያዋ መንገዱን አየች፤ ክፍት ነው። ብትሸሽ ዛሬን ትድናለች፤ ስሟ ሲጠራ ግን አትኖርም። አሥራ አንድ ቀን ሠርታ በአሥራ ሁለተኛው ሣሩን ካጣች፣ አንበሳ የማረውን በጋ አይምረውም። ደግሞም ቀበሮ «ስለምወድሽ» ስትል ሰምታ አታውቅም። ባለችበት ቆመች።

ኤሊ ሁለት መቶ አርባኛዋን እርምጃ ረገጠና ስም መጥራት ጀመረ።

«ከርከሮ!»
«አለሁ!»
«ጃርት!»
«አለሁ!»
«አህያ!»
«አለሁ» አለች አህያዋ፣ አንበሳውን እንዳትቀሰቅስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።
«ጅብ!»

ጉም።

«ጅብ!»

ጉም።

ስም ሦስት ጊዜ ነው የሚጠራው። ቀበሮ በፍጥነት አሰበች። ድርሻ የሚለካው በሥራው ክብደት ነውና፣ ትልልቁን ድንጋይ የተሸከመው ጅብ ድርሻው አርባ እርምጃ ነው፤ የእሷ ሃያ። ወደ ጅብ ዞራ «ልመልስልህ፣ ግማሹን ትሰጠኛለህ?» አለችው። የጅብ ጉም ወደ ላይና ወደ ታች ተነቃነቀ። ቀበሮ ይህን እሺታ አድርጋ ወሰደችው።

«ጅብ!» አለ ኤሊ ለሦስተኛ ጊዜ።

«አለሁ!» አለች ቀበሮ፣ ድምፅዋን አጎርንና።

ኤሊ አንገቱን ወደ ድምፁ ማዞር ጀመረ። የኤሊ አንገት እስኪዞር ጊዜ ይፈጃል። ቀበሮ አፏን ዘግታ ነበር፤ ግን የጅብን መልክ ስታይ ሳቋ አመለጣትና አፏ እንደተከፈተ የኤሊ ዓይን ደረሰባት።

«ጅብ አንቺ ነሽ?» አለ ኤሊ።

ቀበሮ ደነገጠች። «አይደለሁም» ብትል በንጉሥ ስም ጥሪ ላይ በሐሰት መለሰች ማለት ነው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«ጅብ አለ» አለ ኤሊ። «ቀበሮ!»

«አለሁ!»

«አንቺ ጅብ ነሽ» አለ ኤሊ ሳይቆጣ። «ቀበሮ!»

«ኧረ አባ ኤሊ፣ ቀበሮም እኔ ነኝ!»

«በአንድ አፍ ሁለት ሠራተኛ አይቆጠርም። አንዱን ምረጪ።»

ሃያ እርምጃና አርባ እርምጃ። ቀበሮ ለመምረጥ አልዘገየችም። «ጅብ ነኝ» አለች።

«አባ ኤሊ፣ ጅቡማ ይኸው ቆሟል!» ብሎ ጮኸ ከርከሮ።

ኤሊ ጅብን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ይህ አለሁ አላለም። ስለዚህ የለም» አለ። «ቀበሮም የለችም። ስም ጥሪ አበቃ።»

በጩኸቱ አንበሳ ነቃ። ዐይኑን አሸት አሸት አድርጎ «ምሳው ገባ?» አለ።

«ገብቶ ነበር ጌታዬ» አለች አህያዋ። «ግን አላረፈም፤ አለፈ።»

«ወዴት አለፈ?»

«ወደ ሆድ።»

አንበሳ ተነሥቶ ጅራቱን ወዲያና ወዲህ መታ። «አንቺ ጋብዘሽኛል። የተጋበዘ ሳይበላ አይሄድም። ምሳው ካለፈ ጋባዧ አለሽ።»

«ጌታዬ፣ አዋጁስ? ሠራተኛ ሠራተኛን አይብላ ብለዋል።»

«እኔ ሠራተኛ አይደለሁም» አለ አንበሳ።

ይህ ትክክል ነበር። አንበሳ አንድ እርምጃ ቀረበ። አህያዋ ወደ ኋላ አላለችም፤ ኋላዋ ካቡ ነበር።

«ምሳዎን የዋጠው ጅብ ነው ጌታዬ» አለች።

«እውነት ነው!» አለ ከርከሮ።

«ጅብ ነው፣ በዓይናችን አየን!» አለ ጃርት።

«ጅብ የታል?» አለ አንበሳ።

ኤሊ አንድ እግሩን አነሣ። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ዘረጋውና ወደ ቀበሮ አመለከተ። «ይህች ናት። ሁለት ጊዜ ጠይቄአት ሁለት ጊዜ ጅብ ነኝ ብላለች።»

«ኧረ እኔ ቀበሮ ነኝ!» ብላ ጮኸች።

«ቀበሮ ዛሬ አልተገኘችም» አለ ኤሊ።

አንበሳ ቀበሮን ትኩር ብሎ አያት። «ጅብ ሆይ፣ በጣም ከስተሃል» አለ። «ቢሆንም ለምሳ ትበቃለህ።»

ቀበሮ ካቡን በአንድ ዝላይ አለፈችው። አንበሳ ተከተላት። የመጀመሪያውን ኮረብታ ሲወጡ ታዩ፣ ሁለተኛውንም ሲወጡ ታዩ፤ ከሦስተኛው ወዲያ ግን አቧራቸው ብቻ ታየ። «ቀበሮ ነኝ ጌታዬ!» የሚለው ድምፅ ለረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

አህያዋ በባዶ ሆዷ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ሠላሳ አንድ ድንጋይ ተሸከመች፤ ካቡ የተዘጋው በሠላሳ አንደኛው ነው። በመጨረሻው ሰዓት ላይ ከርከሮና ጃርት ጅብን ድንጋይ መስሏቸው አንሥተው ሊክቡት ነበር፤ ጉሙን አይተው ተዉት።

የጅብ ድርሻ፣ ጅብ ሮጦ ጠፍቷልና፣ ተከፋፈለ። የቀበሮም ድርሻ፣ ቀበሮ አልተገኘችምና፣ ተከፋፈለ። ሃያ እርምጃ ይደርሳታል የተባለችው አህያ አርባ እርምጃ የወንዝ ዳር መስክ አገኘች። ወደ መሬቷ ገብታ አንገቷን ዝቅ አደረገችና አራቱን ጥርሶቿን ሳትቀሰቅስ በላች።

ጅብ አፉን እንደከፈተ ከካቡ ውጭ ቆሞ አደረ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትበረታ ደረቱ ውስጥ የቆመው ምሳ ቀስ በቀስ ቀለጠና ሆዱ ገባ። መጀመሪያ ምላሱ ላላ፣ ከዚያም መንጋጋው ተዘጋ። ዙሪያውን ተመለከተ፤ ማንም የለም። አሥራ ሁለት ቀን የደከመበት መስክ ታጥሮ ከካቡ ወዲያ ማዶ ይታያል። ጅብ ከንፈሩን ላሰ፣ ጥቂት አሰበና «ጨው አንሶታል» አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ምሳ ከሳምንት በፊት ቢዘጋጅም የሚበላው ሰዓቱ ሲደርስ እንደሆነ፣ ሰዓቱን መጠበቅ ያቃተው ሆድም የሌላውን ምሳ ሲውጥ የራሱን ድርሻ አብሮ እንደሚውጥ ነው።